«ተረት ነው» ያልሁት ድርሰት

በኅዳር ወር መጨረሻ፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ተነሣሁ። የሄድሁበት ጉዳይ አንድ ሽማግሌ መምህር ፈልጌ ለማግኘትና ከአርባ ዓመት በፊት የሠራሁባቸውን በደል በራሴ አፍ ለመንገር ነው። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም ነበር። በቦርሳዬ ውስጥ እሳቸው የጻፉት አንድ ደብተርና ሁለት ደብዳቤዎች ነበሩ። ደብዳቤዎቹ የተላኩት ከአጋሮ ነው።

ማን እንደሆንሁ በአጭሩ ልናገር። ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው። የተወለድሁትና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁት ጅማ ነው። አባቴ ከሸዋ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እናቴ የየም ብሔረሰብ ሰው ናት፤ ቋንቋዋ የምሳ ይባላል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በአንድ መጽሐፍ አሳታሚ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ በታይፕ ጸሐፊነት፣ ኋላም በአራሚነት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ።

በጥቅምት ወር መጨረሻ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ውይይት ተደርጎ ነበር። ርዕሱ በጥቂት ሰው በሚነገሩ ቋንቋዎች የሚጽፉ ደራሲዎች በአገሪቱ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስላላቸው ቦታ ነው። ከጅማ የመጣ ዶክተር ዮናስ የሚባል ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ተናገረ። እሱም የየም ልጅ ነው። «በየምሳ ቋንቋ የጻፈ የቀድሞ ደራሲ ፈልጌ አላገኘሁም» አለ። «ያለን ተረት ብቻ ነው።» ለምሳሌ ያህል ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ «መድኃኒት ለቃሚዋ» የተባለውን ተረት አነበበ። ከሥሩ «ከሕዝብ የተሰበሰበ» የሚል ጽሑፍና የሰብሳቢዋ ስም አለ። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ። ተረቱ ግን ተረት አይደለም። አንድ ሰው አስቦ የጻፈው ድርሰት ነው፤ ተረት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገርሁም።

ማክሰኞ፣ በመንገድ ላይ

አውቶቡሱ ከመናኸሪያ የወጣው ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ትኬቱ ዘጠኝ መቶ ብር ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ኑሪያ የምትባል የአጋሮ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ዕድሜዋ ወደ አምሳ ይጠጋል። ከእግሯ ሥር ሦስት የጨርቅ ጥቅል ስለነበራት ጉልበቷን አገጯ ድረስ አድርሳ ተቀምጣለች። ወሊሶ እስክንደርስ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ቀረጡ፣ ስለ ጉልበቷም ነገረችኝ።

ወልቂጤ ቁርስ በላን። ፍርፍርና ሻይ ሁለት መቶ ብር አስከፈሉኝ። ተመልሰን ስንቀመጥ ኑሪያ ትክ ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ እኔ ነኝ የማወራው። እንዲህ ዝም ብለው ሰው ሊከሱ ነው የሚሄዱት ወይስ ሊከሰሱ?»

«ልከሰስ ሳይሆን አይቀርም» አልሁ።

«ወላሂ፣ ቀልዴን ነበር!» ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ እንደገና ወሬዋን ቀጠለች፤ ደግ ሴት ናት። የምፈልገው ሰው አጋሮ እንደሆነ ስነግራት ስልኳን አስመዘገበችኝና «አጋሮ የማላውቀው ሰው ካለ ትናንት የተወለደ ነው» አለች።

የጊቤ ሸለቆ እንደ ድሮው ይሞቃል። ድልድዩን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ፓፓያ የያዙ ሻጮች መስኮቱን ያንኳኩ ነበር። ሳጃ ላይ ሁለት የገበያ ሴቶች ተሳፈሩና ከኋላችን ተቀመጡ። ሳጃ የየም ከተማ ናት። ሴቶቹ በየምሳ ይነጋገሩ ጀመር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያንን ቋንቋ በጆሮዬ አልሰማሁም ነበር፤ ግን ሁሉም ገባኝ።

አንደኛዋ «ይቺ አሮጊት ፊቷ የእኛን ሰው ይመስላል» አለች።

«አይደለችም» አለች ሁለተኛዋ። «የእኛ ሰው ብትሆን ሰላም ትለን ነበር።»

ዞር ብዬ ሰላም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ሰኮሩ ላይ ወረዱ።

ጅማ የገባነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰቶ ሰመሮ በሚባለው ሰፈር አንድ ንጹሕ አልጋ በአምስት መቶ ብር ተከራየሁ። ጊዜ ስለነበረኝ በባጃጅ ቦሳ ኪቶ ሄጄ ያደግሁበትን ቤት ፈለግሁ። በቦታው ባለ ሦስት ፎቅ የብረታ ብረትና የቀለም መሸጫ ቆሟል። እናቴ እዚያ ጠላ ትጠምቅ ነበር። ደንበኞቿ በአማርኛና በኦሮምኛ ያናግሯታል፤ እሷ ከእኔ ጋር ብቻ ስትሆን በየምሳ ታወራለች። ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ ሲያሾፉብኝ በአማርኛ እንድትመልስልኝ ለመንኋት። እሺ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጓደኞቼ ባሉበት የምታናግረኝ በተሰባበረ አማርኛ ነበር።

ማክሰኞ ማታ፣ ኪቶ ፉርዲሳ

ዶክተር ዮናስ በስልክ ስሜን እንደነገርሁት ወዲያው ቤቱ ጋበዘኝ። ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ቆጮና ጎመን ቀረበልኝ። ከጎኑ አስቀምጦ በስልኩ ፎቶ አነሣን።

«እማማ፣ እርስዎ የኛ ባለውለታ ነዎት» አለ። «በዚያ ዘመን እርስዎ ባይሰበስቡት ያችም አንዷ ተረት ትጠፋ ነበር። እኔ ፍጻሜዋን እወደዋለሁ። ባልየው ድኖ ሲነሣ!»

ጎመኑን ወደ ዳር ገፋሁት።

ማስታወሻውን አወጣ። «ከማን ነበር የሰሙት? የነጋሪው ስም ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው።»

«አንድ ሰው ነበር።»

«ስሙ?»

«ረሳሁት» አልሁ።

ስሙ የተጻፈበት ደብዳቤ በጉልበቴ ላይ በነበረው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ለዚህ ብዬ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሁት ሴት እንዲህ አልሁ። ወጣቱ ቅር ሳይለው ባጃጅ ድረስ ሸኝቶኝ ሒሳቡን ከፈለልኝ።

ረቡዕ፣ አጋሮ

በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ወደ አጋሮ ሄድሁ። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው። የቡ ከምትባለው ከተማ ጀምሮ በመንገዱ ዳር ቡና ያልተሰጣበት ደጅ የለም፤ በሸራ ላይ፣ በሰሌን ላይ፣ አንዳንዱም በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ። ሾፌሩ ቡናውን ላለመርገጥ መኪናውን ወደ መሐል ሲያወጣ ከፊት የሚመጣው የጭነት መኪና ይጮህበታል። በወንዝ ዳር ካለ ማጠቢያ ጣቢያ የቡናው ገለባ የኮመጠጠ ሽታ ይመጣል።

እዚህ ላይ የሠራሁትን በዝርዝር ልጻፍ፤ አለዚያ አንባቢው የሚቀጥለውን አይረዳውም።

መሥሪያ ቤታችን ከየብሔረሰቡ ድርሰትና ተረት አሰባስቦ አንድ መጽሐፍ ያዘጋጅ ነበር። ከአጋሮ በፖስታ አንድ ደብተር መጣ። በየምሳ ቋንቋ፣ በፊደላችን የተጻፈ ነው። አብሮት የመጣው ደብዳቤ «ይህ ታሪክ ከማንም የሰማሁት አይደለም፤ የራሴ ድርሰት ነው» ይላል። አለቃችን ማንበብ የሚችል ሰው ሲጠይቁ ሦስት ቀን ዝም አልሁ። በአራተኛው ቀን «ጥቂት እችላለሁ» አልሁ። ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ «ቤታችን የነበረች ሠራተኛ» ብዬ መለስሁ። እናቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች።

ታሪኩ ይህ ነው። የየም ሰዎች በጥቅምት ተራራ ወጥተው መድኃኒት የሚለቅሙበት ቀን አላቸው። አንዲት ሴት ለታመመ ባሏ በዚያ ቀን አንድ ሥር ትቆፍራለች። ስትመለስ የጎረቤት ልጅ በዚያው በሽታ ተይዞ ታገኘዋለች፤ ሥሩ ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል። ለልጁ ትሰጠዋለች። ለባሏ ባዶ ውኃ አፍልታ ታቀርብለታለች። እሱም ውኃ ብቻ እንደሆነና እንደማይድን ያውቃል፤ ግን ይጠጣና «መራራ ነው» ይላታል። በዚህ ያልቃል።

አለቃችን ትርጉሙን ሳያዩ «ድርሰት ነው ተረት?» አሉኝ። ድርሰት ከሆነ ደራሲውን ለምረቃው ወደ አዲስ አበባ ይጠሩታል። ሰውየው ቢመጣ ቋንቋውን የምችለው እኔ ነኝና በየምሳ ሰላም ይለኛል፤ የማን ልጅ እንደሆንሁም በሠራተኛው ፊት ይጠይቀኛል። ይህን ፈራሁ። «ተረት ነው፤ እዚያ አገር ሁሉም የሚያወራው ነው» አልሁ። ተረት እንዲመስል በመጀመሪያው ላይ «ከዕለታት አንድ ቀን» ጨመርሁ። ባልየውን አዳንሁት። በመጨረሻም ደግነት ዋጋ እንደማያጣ የሚናገር ምክር ጻፍሁ። በዚያ ሥራ ከታይፕ ወደ አራሚነት ተሻገርሁ። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ፤ «ስሜ ተዘልሏልና ይታረም» ይላል። የእርማት ጥያቄ ያለበት ደብዳቤ ለእኔ ነበር የሚደርሰው። መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት፤ ጡረታ ስወጣም ከደብተሩና ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር ወደ ቤቴ ወሰድሁት።

አጋሮ እንደወረድሁ ለኑሪያ ደወልሁ። ሱቋ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ስሙን ስነግራት በሁለት እጇ አጨበጨበች።

«መምህር ተካልኝ! እኔንም አስተምረውኛል። ይቺ ጆሮዬ የረዘመችው በማን ይመስልዎታል? አልሐምዱሊላህ፣ አሉ። ዓይናቸው ነው የደከመው።» ባጃጅ ጠርታ ለባለ ባጃጁ በኦሮምኛ አስረዳችው። ወደ እኔ ዞር ብላ ደግሞ ቀስ አለች። «እትዬ፣ የሚከሱዎት እሳቸው ናቸው እንዴ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ አይፍሩ። ቆንጥጠው ይለቃሉ።»

ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ በጥላ ዛፍና በቡና መሐል ነው። ግቢው ውስጥ በእንጨት ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ተሰጥቷል። አራት ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ እየለቀሙም ይሳሳቃሉ። ከመካከላቸው ቁመተ ረጅሟ የመምህሩ ልጅ ሙሉነሽ ናት። አምሳ ዓመት ሊሆናት ይችላል። ስሜን ስነግራት እጇ ቡናው ላይ ቆመ።

«ሰብሳቢዋ?» አለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ሴቶቹን አንድ ነገር በኦሮምኛ አለቻቸው፤ ሳቁ ተቋረጠ። እንድቀመጥ አላለችኝም።

«ስምዎን ከአባቴ ስም እኩል ነው የማውቀው» አለች። «ስድስተኛ ክፍል ሆኜ አማርኛ ያስተምረን የነበረው አባቴ ነው። ያ ታሪክ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ነበር። ፈተና ላይ ‹የዚህ ተረት ደራሲ ማን ነው?› የሚል ጥያቄ መጣ። እኔ ቤት ውስጥ የሰማሁት ስለነበረ ‹አባቴ› ብዬ ጻፍሁ። አባቴ ኤክስ አደረገብኝ። መልሱ ‹ሕዝብ› ነዋ! ከላይ የተላከው መልስ እንደዚያ ይላል። አልቅሼ ወደ ቤት መጣሁ። አባቴ ድርሰት የጻፈባቸው ሌሎች ሁለት ደብተሮች ነበሩት፤ ከዚያ በኋላ እናቴ ቆሎ ስትጠቀልልባቸው አይቶ ዝም አለ። እርስዎ አሁን ለምን መጡ?»

«ልነግራቸው።»

«እሱ የማያውቀው ምን አለና ይነግሩታል?»

ቡናዋን ገለባበጠችና «ከጓሮ ነው፤ ይግቡ» አለች።

መምህር ተካልኝ በፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ንጹሕ ነው፤ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። ስሜን በአማርኛ ተናግሬ ሁሉንም በተራ ነገርኋቸው፤ አለቃዬን፣ ፍርሃቴን፣ መሳቢያውን፣ ትናንት ማታ «ረሳሁት» ማለቴንም። ሳያቋርጡ ሰሙ።

«እርስዎ የየም ሰው ነዎት?» አሉ።

«እናቴ ናት።»

ከዚያ በየምሳ «እንግዲያስ በእናትሽ ቋንቋ አናግሪኝ» አሉኝ። «እርስዎ» ማለትም በዚያው ቀረ። ሞከርሁ። አፌ እንደ ሕፃን አፍ ሆነብኝ።

«ስሜን መዝለልሽ ብዙ አልገረመኝም» አሉ። «የእኛ ነገር ሁሉ የማንም አይደለም ተብሎ ነው የሚወሰድ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ባልየውን ለምን አዳንሽው?»

«ተረት እንዲመስል።»

«ያንን ሰውዬ ለመግደል አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል። አንቺ በአንድ መስመር አስነሣሽው። እኔ ደግሞ ‹ባልየው ለምን ዳነ?› እያልሁ ለሃያ ዓመት ልጆችን ጠየቅሁ። ‹ሚስቱ ደግ ስለሆነች› ይሉኛል፤ ‹ትክክል› እላለሁ።»

ደብተሩን አውጥቼ በእጃቸው ላይ አስቀመጥሁት። በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱ። ብዙ ጊዜ ዳሰሱት።

«አለ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ። «ሙሉ፣ ነይ። እነዚያንም ጥሪያቸው።» ደብተሩን መለሱልኝ። «ዓይኔ አያነብም። እሷ ቋንቋውን አታውቅም፤ በኦሮምኛና በአማርኛ ነው ያሳደግኋት። ከዚህ ግቢ ውስጥ ይህን ማንበብ የምትችይ አንቺ ብቻ ነሽ። አንብቢ።»

ሴቶቹ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡና ቆሙ። አነበብሁ። በየመስመሩ ተሰናከልሁ፤ ሽማግሌው ደብተሩን ሳያዩ ያርሙኛል። አራሚ ሆኜ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ታርሜ አላውቅም። በየገጹ መጨረሻ አቁመው ለሴቶቹ በኦሮምኛ ይነግሯቸዋል። ባልየው ውኃውን ጠጥቶ «መራራ ነው» ያለበት ላይ ስደርስ አንደኛዋ ሴት «ኧረ በአላህ! እያወቀ?» አለች። መምህር ተካልኝ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። ደራሲ አንባቢውን ሲያገኝ ምን እንደሚመስል በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላየሁም ነበር፤ ያን ጊዜ አየሁ።

ሙሉነሽ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ ነበር። ከጨረስሁ በኋላም አልዞረችም።

ይቅርታ ጠየቅሁ።

«ይቅርታውን እዚህ አታባክኚው» አሉ በአማርኛ፤ ልጃቸው እንድትሰማ ይመስለኛል። «እኔ ማን እንደጻፈው አውቃለሁ። የማያውቁት ያነበቡት ናቸው። ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ደብተሩን ትቼላቸው ወጣሁ። በአገራችን የመጣ እንግዳ ቢያንስ እስከ በር ይሸኛል። የሸኘኝ ሰው አልነበረም፤ ሙሉነሽ ወደ ቡናዋ ተመልሳለች። የግቢውን በር ከፍቼ ራሴ ዘጋሁት። ይገባኛል።

ኑሪያ ሱቅ ስደርስ ፊቴን አየች። ውኃ ሰጥታ ወደ ጅማ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን አስቀመጠችኝ።

ሐሙስ፣ ጅማ

ዶክተር ዮናስን ጠዋት አገኘሁት። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። ሁለት ጊዜ አነበባቸው።

«ማክሰኞ ማታ ‹ረሳሁት› ብለውኛል» አለ።

«አልረሳሁትም።»

«አዲስ አበባ ስናገር አዳራሹ ውስጥ ነበሩ?»

«ሦስተኛው ረድፍ።»

«‹ደራሲ የለንም› ስል ሰምተውኛል። ተማሪዎቼን እንደዚያ ብዬ ነው የማስተምር። ከእኛ በፊት የጻፈ ሰው የለም፣ ከዜሮ ነው የምንጀምረው እላቸዋለሁ። ከእነሱ ሁለቱ እንግዲያ መጻፍ ምን ያደርጋል ብለው ትተዋል።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር። «በሕይወት አሉ?»

«ትናንት እስከ አሥር ሰዓት ነበሩ።»

ወዲያው ጃኬቱን አነሣ። የመምህሩን ቤት ምልክት ከእኔ ጠይቆ ጻፈና ወደ አጋሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልደወለልኝም፤ እኔም አልደወልሁም።

ዓርብ፣ ወደ ቤት

የመልሱ አውቶቡስ ሳጃ ላይ ለአሥር ደቂቃ ቆመ። ከመስኮቴ ሥር ሙዝ የምትሸጥ ሴት ነበረች። በየምሳ ሰላም አልኋት። በየምሳ መለሰችልኝ፤ ምንም አልደነቃትም። ሙዙን በሃምሳ ብር ገዛሁ።

ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። ጉዞው አራት ቀን ነው የወሰደው። ያስተማረኝን ልጻፍ። አንድ ቋንቋ ደራሲ የለውም ሲባል፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የደራሲውን ስም ማን እንደሰረዘው ነው። እኔ ጠላት አልነበርሁም፤ ቋንቋውን የምችል ብቸኛዋ ሠራተኛ ነበርሁ፤ ለዚህም ነው ከማንም ይልቅ መጉዳት የቻልሁት። ጉዞው አላቀለለኝም። እንዲያቀልለኝ ብዬ አልሄድሁም፤ ወይም ለዚያ ሄጄም ከሆነ አላገኘሁትም።

መምህሩ ላነበቡት ንገሪ ባሉት መሠረት ይህን ጽፌያለሁ። ያ መጽሐፍ በብዙ ቤትና በብዙ ትምህርት ቤት አለ። «መድኃኒት ለቃሚዋ» ተረት አይደለም። ደራሲው የየሙ ተወላጅ፣ የአጋሮው መምህር ተካልኝ አበጋዝ ናቸው። «ከዕለታት አንድ ቀን» የሚለውና በመጨረሻ ያለው ምክር የእኔ ጭማሪ ነው። ባልየው አልዳነም። መጽሐፉ በእጃችሁ ካለ፣ እባካችሁ ገጹን አውጡና ስማቸውን በእስክሪብቶ ጻፉበት። እኔ በራሴ ቅጂ ላይ ዓርብ ማታ ጻፍሁ። ቦታ ጠበበኝ፤ ስለዚህ የእኔን ስም ሰርዤ በላዩ ላይ ጻፍሁት።